ዶክተር አስቴርና የቆረቆንዳው ፔርሙስ

ባለፈው ሳምንት ጎባ ላይ ከለቅሶ ድንኳን ተባረርኩ። በዚህ ዕድሜዬ! ጥርሴ መንጋጋዬን የተሰናበተ፣ ጸጉሬ ለፀጉር አስተካካይ ሥራ የማይሆን ሽማግሌ፣ እንደ ረባሽ ተማሪ ክንዴን ተይዤ ወጣሁ። ጥፋቴ መሳቅ ነው። ሟቿ ጠላቴ ብትሆን እንኳ ሰው በተረዳኝ ነበር፤ የሳቅኩት ግን ከልቤ በምወዳት በዶክተር አስቴር ለቅሶ ላይ ነው። ደግሞ ብቻዬን አልነበርኩም፤ አብረውኝ የተባረሩ ሁለት ሰዎች አሉ። እነሱን በኋላ አመጣቸዋለሁ። አስቀድሜ ሟቿን ላስተዋውቃችሁ፤ አለዚያ ያባረሩኝ ሰዎች ትክክል ይመስሏችኋል።

ዶክተር አስቴር የጎባ ልጅ ናት። አዲስ አበባ ኢኮኖሚክስ ስታስተምር ኖራ ከዓመታት በፊት ለጥናት ወደ ባሌ ተመለሰች። ገጠሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ስትፈልግ ሮቤ ውስጥ ከአንድ ሻይ ቤት ገባች፤ እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የዚያ ሻይ ቤት ዕቃ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የእንስሳት ክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ከሮቤ እስከ ሶፍ ዑመር መርፌዬን ያልቀመሰ ከብት የለም። ሰው ሲያሾፍብኝ "ዶክተር" ይለኛል፤ እኔ ግን እንደ ቁም ነገር አቤት እላለሁ።

"ጋሼ፣ ምስጢር ይጠብቃሉ?" አለችኝ ገና ከመቀመጧ።

"እንደ መቃብር!"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ባለቤቱ ከድር ብርጭቆ ማጠቡን ትቶ፣ "እትዬ፣ ይሄን ሰውዬ? ማታ የነገሩት ወሬ ጠዋት ጎባ ገብቶ ቁርስ ይበላል! በማይመለከተው ነገር ካልገባ እኮ እህል አይረጋለትም" አላት።

እሷ ግን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "በቃ፣ የምፈልገው እርስዎን ነው" አለች።

ደረቴን ነፋሁ። "አየህ ከድር? የተማረ ሰው ሰው ያውቃል!" አልኩት። ያን ቀን ለምን እንደተመረጥኩ የገባኝ ባለፈው ሳምንት፣ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ዶክተር አስቴር ወፍራም፣ ደስ የምትል ሴት ነበረች። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ደጃፍ ይደርሳል። ከዚህ ዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻ። ውሻ ሲጮህ እኔን እንደ ጋሻ ከፊቷ ታቆመኛለች፤ ውሻውም ቀረብ ብሎ ሲያየኝ የሚበላ ሥጋ እንደሌለኝ ተረድቶ ይመለሳል። የገጠሩ ሰው "ዶክተር!" ብሎ በተጣራ ቁጥር ሁለታችንም እንዞራለን። ላም የታመመችበት ከሆነ እኔ እሄዳለሁ፤ ሌላ ከሆነ እሷ። አንድ ቀን አንዱ ተሳስቶ ጥጃው እንዳስቀመጠው ለእሷ ነገራት። ረጋ ብላ ሰማችውና፣ "ይሄ የጓደኛዬ ዘርፍ ነው" ብላ ወደ እኔ አሳለፈችው።

በየቤቱ የሚቀርብልንን ማርቃ፣ ያንን መሃሉ ላይ ቅቤ የተኛበትን የገብስ ገንፎ፣ ጠርጋ ትበላለች። "ጋሼ፣ በባዶ ሆድ የተጠና ጥናት ሐሜት ነው" ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን እኔም እርስዎ እላት ነበር። "እባክዎ ጋሼ፣ አያስረጁኝ፤ እርጅናውን ለሁለታችንም እርስዎ ይበቃሉ" አለችኝና አንቺ ማለት ጀመርኩ።

ከሁሉ የማትረሳዋ ንግግሯ ግን "ማን ቀረ?" የምትለው ናት። ምግብ ሲቀርብ፣ ስብሰባ ሲያበቃ፣ መኪና ሊነሳ ሲል፣ ዞር ዞር ብላ "ማን ቀረ?" ትላለች። ከሮቤ ጎባ በሚመላለሰው ሚኒባስ ውስጥ እንኳ አትተወውም።

"እትዬ፣ እሱ የእኔ ሥራ ነው!" አላት አንድ ቀን ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

"ታዲያ ለምን አትሠራውም? እዚያ ጋ እያነከሱ የሚመጡ እናት አሉ።"

ይህች ጥያቄ የጥናቷም ቁልፍ ነበረች። እንደምታውቁት በእኛ አገር ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ ዓይን ይገባል። "ስንት ልጆች አላችሁ?" ብላ የጠየቀች ቀን ሁሉም "ረቢ ያሳድጋቸው!" ብለው አሜን አስባሏት፤ ሌላ መልስ አላገኘችም። በማግስቱ ዘዴ ቀየረች። ቤት ትገባለች፤ አከም ጅርቱ፣ ከብቱ ነጋ፣ ልጆቹ ነጋ፣ ሁሉ ሰላም ወይ፣ ብላ በኦሮምኛ ሰላምታውን ታደርሳለች። ከዚያ ያሉትን ልጆች እያየች "ኤኙቱ ሀፌ? ማን ቀረ?" ትላለች። እናትየዋ ወዲያው፣ አንዱ ወፍጮ ቤት ሄዷል፣ አንዷ ጊኒር አክስቷ ጋ ናት፣ አንዱ ትምህርቱን ትቶ ከኮምባይነር ጋር ስንዴ አጨዳ ዞሯል እያለች ልጆቿን ሁሉ ትዘረዝርላታለች። ማንም አልቆጠረም፤ ማንም አልቀረም።

አንድ ቀን፣ "ለመሆኑ ምንድን ነው የምትፈልጊው?" አልኳት።

"ሁለት ልጆች በአንድ ክረምት በአንድ መንደር ይወለዳሉ። አንዱ ሩቅ ይሄዳል፤ አንዱ እዚያው ይቀራል። መንገዱ የተከፈለው የት ጋ እንደሆነ ነው የምፈልገው። ኪስ ብቻ አይመስለኝም ጋሼ። የማን ልጅ የማንን በር ማንኳኳት ይችላል? እሱን ነው።"

ጥብቅ የሆነ ሕግም ነበራት። "ሮቤ እህል ተራ ነጋዴው ሲመዝን ክንዱን ሚዛኑ ላይ ጣል ያደርጋል አይደል? እኛ ክንድ የለንም። እናያለን እንጂ አንነካም። ከነካን የምናየው ራሳችንን ነው።" እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ራስ መነቅነቅ ላይ ማንም አይቀድመኝም።

እንግዲህ በጎሮ መንገድ ወዳለችው መንደር የሄድንበት ቀን መጣ። የመንደሯን ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ ኩሩዎች ናቸው። የመጀመሪያው ቤት ስንገባ፣ አበባ የተሳለበት ቀይ ፔርሙስ፣ አዲስ ብርድ ልብስ፣ ደጅ ላይ የታሰረች ላም። ትኩስ ወተት ተቀዳልን። ሁለተኛው ቤት፣ አበባ የተሳለበት ቀይ ፔርሙስ፣ አዲስ ብርድ ልብስ፣ ደጅ ላይ የታሰረች ላም። ቀጣዩ ቤት ስንደርስ ወተቱ ለብ ብሏል፤ ላሟ ደግሞ እንደ ሯጭ ታለከልካለች።

ላሟን አወቅኳት። አንድ ቀንዷ የተሰበረው ስከትባት እኔን ልትወጋ ብላ አጥሩን ወግታ ነው። እሷም አወቀችኝ። ባለቤቷ የመንደሩ ባለ ግርማ ሴት አደ ፋጤ፣ ወይዘሮ ፋጤ እንደማለት፣ ናት፤ ፔርሙሱም የእሷ። እንግዳ መምጣቱ ሲሰማ፣ የጎረቤት ቤት ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ዕቃው በጓሮ አጥር እየተላለፈ ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል።

"ዶክተር፣ ይቺ ላም በሁሉም ቤት ትመዝገብ?" አልኳት ቀስ ብዬ።

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። "ዝም ይበሉ ጋሼ! በጣም ቆንጆ ነው!" እያለች ሳቋን በነጠላዋ ታፍናለች። "ጎረቤታቸው እንዳያፍር ላማቸውን የሚያስሮጡ ሰዎች! ይሄን ሀብት በምን ልመዝነው?"

ቤቶቹን ጨርሰን የመንደሩ ሴቶች ሊሸኙን ሲሰበሰቡ ያችን ጥያቄዋን ጠየቀች።

"ማን ቀረ?"

ሴቶቹ ወደ አደ ፋጤ ዞሩ። አደ ፋጤ መቀነቷን አጠበቀች። "ማንም አልቀረም።"

ላሟ እንኳ መሬት መሬቱን አየች። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት ብቻ፣ በአገጯ ከወንዙ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ጠቆመች።

ከባሕር ዛፉ ጀርባ ያለው ቤት ፔርሙስም ላምም አልደረሰውም። እናትየዋ በልጇ ስም ሀደ ሀዊ፣ የሀዊ እናት ትባላለች። ሙቅ ውሃ በጣሳ አቀረበችልንና ጣሳው ትኩስ ነው ብላ ይቅርታ ጠየቀችን። ባሏ በሕይወት ሳለ የአደ ፋጤን ድንበር አልፎ አርሶ፣ ሽማግሌ ቢላክበት እምቢ ብሎ፣ እንደተጣላ ሞተ። እሱ ሲሞት ቂሙ አብሮት አልተቀበረም፤ ለሚስቱና ለልጁ ቀረ።

ሀዊ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከመንደሩ ልጆች ሁሉ በልጣ አልፋለች። ዘጠነኛ ክፍል ያለው ሮቤ ነው። የመንደሩ ወላጆች ተባብረው ለልጆቻቸው ሮቤ አንድ ክፍል ተከራይተዋል፤ ሀዊን የጠራት የለም።

"ምዝገባው በዚህ ሳምንት ያልቃል አሉ" አለች እናትየዋ። "ሮቤ ሰው የለንም። ካልተሳካላት አጎቷ ጋ ጊኒር ሄዳ ፍየል ትጠብቅ እንዴ? ምን ላድርግ?"

ልጅቷ ዓይኗን ዶክተሯ ላይ ተክላ፣ "እትዬ፣ እርስዎም ይፈተናሉ?" አለቻት።

"በየቀኑ።"

"ያልፋሉ?"

"እንጃ ሀዊ፤ ዛሬ የማልፍ አይመስለኝም።"

ስንመለስ ዶክተር አስቴር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ ሄደች። "አየህ ጋሼ" አለችኝ፤ ስታዝን እርስዎ ማለቱን ትረሳለች፤ "ድህነት ማለት ፔርሙስ ማጣት አይደለም። ፔርሙስ የሚያውስ ማጣት ነው።" ትንሽ ሄደን ደግሞ ቆመች። "አንድ ምስጢር ልንገርዎት። ለማንም እንዳይናገሩ።"

"እንደ መቃብር!"

"ያ ቤት ጥናቱ ውስጥ ነው፤ እኔ ክንዴን ላሳርፍበት አልችልም። ከነገ ወዲያ ተመልሰን እንጠይቃቸዋለን። እስከዚያ እግዜር አያድርገውና አንድ የማይመለከተው ሰው ገብቶ ነገሩን ቢነካካው፣ ያን ቤት ከጥናቱ ለማውጣት እገደዳለሁ። ትልቅ ጉዳት ነው!"

"ትልቅ ጉዳት!" አልኩ እኔም፣ ራሴን እየነቀነቅኩ።

በማግስቱ ባለቤቴ እታገኝ ገበያ ስትወጣ ፔርሙሷን አንስቼ ወደ መንደሯ ገሰገስኩ። ያች ፔርሙስ አረንጓዴ ናት፤ ክዳኗን እኔው ካጠፋሁባት ወዲህ አፏ በበቆሎ ቆረቆንዳ ይወተፋል። ለሀደ ሀዊ የወተት መግዣ ሰጥቼ ነገሩን አስጠናኋት። "ስንመጣ ከዚህ ትቀጃለሽ። ማን አዋሰሽ ሲሉሽ፣ ጎረቤት ትያለሽ። በቃ!" ዶክተሯ፣ ለካ ሰው ደርሶላቸዋል ብላ ትደሰታለች፤ መንደርተኛውም ያፍራል፤ እኔም እንደ ታላቅ ሰው ዝም ብዬ እታያለሁ። ዕቅዴ ቀዳዳ የለውም ብዬ እያፏጨሁ ተመለስኩ። ዶክተር አስቴር በየዕለቱ ቤቴ መጥታ ሻይ የምትጠጣው ከዚያችው ፔርሙስ መሆኑ ትዝ አላለኝም። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ያለኝ፤ ከብቶቹ እንዴት እንደተረፉ አላውቅም።

በቀጠሯችን ቀን ገብተን ተቀመጥን። ሀደ ሀዊ ቆረቆንዳውን ነቅላ ወተቱን ቀዳች። ዶክተር አስቴር ቆረቆንዳውን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። እኔ ጣራውን አየሁ።

"ፔርሙሱን ማን አዋሰሽ?"

"ጎረቤት።"

"የትኛው ጎረቤት?"

ምስኪኗ ውሸት አልለመደባትም፤ ዞራ እኔን ተመለከተች። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ዝም ማለት አልችልበትም።

"የሩቅ ጎረቤት ነው!" አልኩ።

ሳቋ ፈነዳ። ዶሮዎቹ ከቤት ወጡ፤ ማዶ ያለው ውሻ ጮኸ፤ እሷ ግን ለመፍራት ጊዜ አልነበራትም። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ተነስታ ቆመች። "ጋሼ፣ ጥናቴን አበላሽተዋል። ይሄ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ጥናቱ ውስጥ የለም።"

ሀዊ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። "ተባረርን ማለት ነው?"

"ተባረርሽ! ከጥናቴ ተባረርሽ! ከእንግዲህ ክንዴን የሚከለክለኝ ሚዛን የለም!" ብላ ልጅቷን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገቻት። እናትየዋ ምን እንደተባለ ሳይገባት እልል አለች። እኔም አልገባኝም፤ ግን እልልታ ሲባል ዝም ማለት ነውር ስለሆነ አጨበጨብኩ።

"ታዲያ የት ትደር?" አልኩ።

"ያበላሸው ማነው?" አለችኝ።

ሮቤ ስንደርስ እታገኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ቆማለች። "ፔርሙሴስ?"

ዶክተር አስቴር ከጀርባዋ ልደበቅ ስል እጄን ይዛ ወደ ፊት ጎተተችኝና ታሪኩን ከላሟ ጀምራ ነገረቻት። እታገኝ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"እሺ። ፔርሙሱ እዚያ ቀረ። ልጅቷም እዚያ ቀረች። ታዲያ እናንተ ምን ልታደርጉልኝ መጣችሁ? ሂዱና ሁለቱንም አምጡልኝ!"

በማግስቱ ልናመጣት ስንሄድ የሀደ ሀዊ ደጅ በሰው ተሞልቶ አገኘነው። ያች ባለ አንድ ቀንድ ላም ደጁ ላይ ታስራለች፤ ስታየኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ውስጥ አደ ፋጤ ቀዩን ፔርሙስ ታቅፋ በቁጣ ትናገራለች።

"ፔርሙስ ከሮቤ ድረስ? እኛ ሞተናል? ያውም በቆረቆንዳ የተወተፈ! አገር ምን ይለናል?" ካለች በኋላ ቀዩን ፔርሙስ ከአረንጓዴው ጎን ቁጭ አደረገችው። ለሀደ ሀዊ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ድንበሩን ሙታን ይጨርሱት፤ ልጅቷ የእኛ ናት" አለቻት። ሀደ ሀዊ ተነስታ እጇን ሳመቻት።

ከዚያ ሌላ ጦርነት ተነሳ። አደ ፋጤ፣ ሀዊ ከልጆቻችን ጋር ክፍሉ ውስጥ ትደር አለች። እኔ ደግሞ ያለ ልጅቷ ብመለስ እታገኝ ምን እንደምታደርገኝ አስረዳኋት። በመጨረሻ ሀዊ እኛ ቤት እንድታድር፣ ከመንደሩ ልጆች ጋር እንድታጠና ተስማማን። ጥናቱ ግን እኛ ቤት ሆነ፤ እራቱም እንደዚያው። እታገኝ አንዲት ልጅ ጠርታ አንድ መንደር መጣባት።

ዶክተር አስቴር ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ሆና፣ "ጋሼ፣ ምስጢር ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ። የልቧን የተናገረች መሰለኝ። አልፎ አልፎ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ሀዊ፣ ቀጥላ ስለ ላሟ፣ በመጨረሻም ጊዜ ከተረፈ ስለ እኔ ነው። ሀዊ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። ኢኮኖሚክስ ብላችሁ ከገመታችሁ ተሳስታችኋል፤ የእንስሳት ሕክምና ነው። ሰው "ዶክተር!" ብሎ ሲጣራ እኔ መዞሬን የማቆምበት ቀን ቀርቧል።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ዶክተር አስቴር አዲስ አበባ ታማ ብዙም ሳትቆይ አረፈችና አስከሬኗ ጎባ መጣ። እኔ ከልቤ እያለቀስኩ ተቀምጫለሁ። ከቀኜ ሐጂ ሁሴን የተባሉ የጊኒር የከብት ደላላ፣ ከግራዬ ደግሞ እትዬ ብርቄ የምትባል የጎሮ ነጋዴ። ሁለቱንም አላውቃቸውም።

ሐጂ ሁሴን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "አላህ ይማረኝ፣ እኔ ይቺን ሴት መንገድ ስመራት አንድ ጊዜ አታልያታለሁ። ጥናቷ ውስጥ የነበረ አንድ ወላጅ የሌለው የቲም ልጅ ነበር፤ ነፍሴ አልችል አለችኝና ፍየል ደብቄ አስገባሁለት። አበላሸህብኝ ብላ ከጥናቱ አስወጣችው።"

እንባዬ ቆመ። "ከዚያስ?"

"ከዚያማ እኔው ቤት አደገ!"

እትዬ ብርቄ ከወዲያ አንገቷን አሰገገች። "እኔ ዩኒፎርም ነበር ያስገባሁት! አላወቀችብኝም ብዬ!"

ተያየን። "ሐጂ፣ ስትቀጥርዎ ምን ብላ ጠየቀችዎ?" አልኳቸው።

"ምስጢር ይጠብቃሉ ወይ አለችኝ።"

"ምን አሉ?"

"እንደ ድንጋይ፣ አልኩ።"

"እኔ እንደ ባንክ ነው ያልኩት" አለች እትዬ ብርቄ።

ከፊታችን ጥቁር ለብሳ የተቀመጠችው የሟቿ ታናሽ እህት ሶስና ቀስ ብላ ዞረች። ዓይኗ ያበጠ ነው። "እናንተ ናችሁ እንዴ ወሬኞቹ?" አለች። "በየከተማው ሻይ ቤት ገብታ ምስጢር የማይጠብቅ፣ በሰው ነገር ጥልቅ የሚል ሰው ታፈላልግ ነበር እኮ! 'የእኔን ክንድ ሙያዬ አሰረብኝ፤ ክንዱ የማያርፍለት ሰው ይፈለግልኝ' ትለኝ ነበር።"

እንግዲህ ፍረዱኝ። ስንት ዓመት ሙሉ፣ የተማረች ሴት በብልሃቴ አታለልኩ እያልኩ ለራሴ ስኩራራ፣ ለካ ከሮቤ ወሬኞች ሁሉ ተመርጬ ነው! መጀመሪያ ሐጂ ሁሴን በጢማቸው ውስጥ አጉረመረሙ። ከዚያ እትዬ ብርቄ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን ምን ልያዝበት? ጥርስ እንኳ የለኝም። ሳቄ ድንኳኑን አናጋው። ሶስናም ከእንባዋ መሃል ስትስቅ አይቻለሁ፤ የእድሩ ዳኛ ግን ያዩት እኛን ብቻ ነው። "እናንተ ሽማግሌዎች! ውጡ!" አሉ።

ደጅ የጎባ ብርድ ጠበቀን። ሦስታችን ግድግዳ ተደግፈን፣ እያለቀስን ይሁን እየሳቅን ሳንለይ፣ ፍየሉን፣ ዩኒፎርሙንና ላሟን ስናወራ ሀዊ ከድንኳኑ ወጣች። ለለቅሶተኛው ሻይ ስትቀዳ ነበር። በአንድ እጇ ብርጭቆ፣ በአንድ እጇ አረንጓዴዋ ፔርሙስ፣ ከነቆረቆንዳዋ። ደጁን ግራና ቀኝ አየችና፣

"ማን ቀረ?" አለች።

ሦስታችንም እንደ ተማሪ እጃችንን አወጣን።